ክርስትና ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፦ መሀል አዲስ አበባ ለምንሰራ ሰዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች ከማታ ጉባኤ በኋላ በር ላይ ቆመን ስናወራ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ደጋግመው የሚመጡ ናቸው። እኔ ቄስ አይደለሁም፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግኩ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ቢሮ የምሰራ ምእመን ነኝ፣ ስለዚህ ቀኖና የሚነካ ነገር ሲመጣ ወደ ንስሐ አባታችሁ ነው የምልካችሁ። ግን ልብ ብላችሁ ካያችሁት አብዛኛው ጥያቄ ቀኖና ላይ አይደለም፣ የብር ጉዳይ ነው፣ የሰዓት ጉዳይ ነው፣ ከእኛ በታች ላለ ሰው የምናሳየው ፀባይ ነው። የምጽፈው እንደ ኦርቶዶክስ ነው፣ ከሌላ ቤተ እምነት ያላችሁም የሚጠቅማችሁን ውሰዱ።

ጠዋት 12 ሰዓት ወጥቼ ማታ 2 ሰዓት ነው የምገባው፣ መቼ ልጸልይ?

ሰባቱን የጸሎት ሰዓታት ካላሟላሁ ብሎ አንዱንም ሳይጸልይ የሚያድር ሰው ስንት አለ መሰላችሁ። ነግህ፣ 3 ሰዓት፣ 6 ሰዓት፣ 9 ሰዓት፣ ሠርክ፣ መኝታ፣ መንፈቀ ሌሊት፣ ዝርዝሩ ይሄ ነው፣ ሙሉውን የሚያደርስ እግዚአብሔር ያበርታው፣ አንተ ግን ከያዝከው ቀን ውስጥ ጀምር። ጠዋት ፊትህን ታጥበህ ስልክ ከመክፈትህ በፊት (ይሄ «በፊት» የሚለው ላይ ነው ሁላችንም የምንወድቀው) አቡነ ዘበሰማያትና የእለቱን ውዳሴ ማርያም በል፣ ከሰኞ እስከ እሁድ ተከፋፍሎ የተቀመጠው እኮ ለዚሁ ነው፣ የአንድ ቀኑ አጭር ነው። 6 ሰዓት ጌታ የተሰቀለበት፣ 9 ሰዓት ነፍሱን አሳልፎ የሰጠበት ሰዓት ነው፣ በዛ ሰዓት ቢሮ ውስጥ ሆነህ ስልክህን ገልብጠህ በልብህ አንዴ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ብትል ማን ያይሃል፣ ስብሰባ ላይ ብትሆንም ይቻላል፣ ስብሰባ ላይ እንዲያውም የበለጠ ያስፈልጋል።

መንገዱም አለ። አራዳ ጊዮርጊስ ጋር ሲደረስ ሚኒባሱ ውስጥ ግማሹ ሰው ያማትባል፣ ደስ የሚል ነገር ነው፣ አንዳንዱ እንቅልፍ ላይ ሆኖ ሁሉ እጁ ይነሳል። ሜክሲኮ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ያለውን ሰልፍ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ እዛ ቆሞ ዳዊት ከስልክ ማንበብ ይቻላል፣ ብዙዎችም ያነባሉ። የማይቻለው ምን መሰላችሁ፣ በኤርፎን መዝሙር እየሰሙ ለመልስ ብር ረዳቱን አፈር ማስጋጥ። አይቻለሁ፣ መዝሙሩ ከጆሮው አልፎ ለእኛም ይሰማ ነበር።

ቢሮ ውስጥ ልደት ምናምን ሲከበር ጾም ነው ብዬ ኬክ እምቢ ስል «አካበድሽ» ይሉኛል

እንዳታካብጂ በቃ። «አመሰግናለሁ፣ እየጾምኩ ነው» ብለሽ ፈገግ ብለሽ አጨብጭበሽ ተቀመጪ፣ ስለ ጾም አስር ደቂቃ ትምህርት የጠየቀሽ የለም። ማቴዎስ 6 ላይ ጌታ የሚጾም ሰው ፊቱን ታጥቦ ራሱን ተቀብቶ እንዲወጣ ነው ያዘዘው፣ ተኮሳትሮ እንዲታይለት አይደለም። ደግሞ አሁን ፒያሳም ቦሌም ኬክ ቤቶቹ የጾም ኬክ ይሰራሉ፣ አንድ ቀን ቀድመሽ ብትነግሪያቸው የቢሮ ሰዎች ራሳቸው የጾም ያዛሉ፣ እኛ ቢሮ እንደዛ ሆኗል፣ የማይጾሙትም አልተቃወሙም ምክንያቱም ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም።

እና ደግሞ ሳትሳሳቺ ያዥው፣ ከትንሳኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። በየዓመቱ በዛ ወቅት ሰው ሁሉ ግራ ተጋብቶ ይጠይቃል።

ምሳ ላይ ግን ጾሙ ከፍስኩ በላይ እየተወደደብኝ ነው፣ ይሄ ጾም ነው ወይ?

በጣም ጥሩ ጥያቄ፣ የሚጠይቀው ሰው ግን ትንሽ ነው። በያይነቱ ከነ ተጋቢኖው፣ ከዛ ጁስ፣ ከዛ የጾም ኬክ፣ ከዛ ከሰዓት ደግሞ ስፕሪስ፣ ሂሳቡ ሲመጣ ክትፎ የበላ ሰው ከፍሎት የማያውቀው ብር ይሆናል። ሕጉን አፍርሰሃል የሚል የለም፣ ሥጋም ወተትም እንቁላልም አልነካህም፣ ግን ኢሳይያስ 58ን ቁጭ ብለህ አንብበው፣ እግዚአብሔር እዛ ላይ የመረጥኩት ጾም ብሎ የሚዘረዝረው እንጀራን ለተራበ መቁረስ፣ ቤት የሌለውን ማስገባት፣ የተጨቆነውን መፍታት ነው፣ ስለ ቅቤ አንድም ነገር አላለም። የአባቶች ጾም ቀላል ሂሳብ ነበረው፣ ያልበላኸው ምግብ ዋጋው ለድሃ ይሄዳል። ስለዚህ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ቁርስ ትተህ ከሆነ የቁርሱ ብር የት ሄደ? እንደኔ እንደኔ ይሄን የማይመልስ ጾም ዳየት ነው፣ ዳየትም ክፉ አይደለም፣ ግን ስሙን እንጥራው።

ጨጓራ አለብኝ፣ እስከ 9 ሰዓት መቆየት አልችልም

የታመመ ሰው፣ ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ መድኃኒት በሰዓት የሚወስድ ሰው ላይ ቤተክርስቲያን ጨካኝ ሆና አታውቅም። ሐኪሙ ያለህን ለንስሐ አባትህ ንገራቸው፣ እሳቸው ሰዓቱን ይቀንሱልሃል ወይ ሌላ ያዙሃል። የስኳር መድኃኒት በራስ ፈቃድ አቋርጦ መጾም ግን ጀግንነት አይደለም፣ እባካችሁ።

ዓሳስ?

እሱን ለንስሐ አባታችሁ። እዚህ ከተከፈተ ሌላው ጥያቄ አይደረስም።

አለቃዬ ያለ ደረሰኝ ሽጪ ይለኛል፣ ካሸር ነኝ፣ እምቢ ካልኩ ስራዬን አጣለሁ

ይሄ ከሁሉም በላይ በተደጋጋሚ የሚመጣ ነው፣ ከመርካቶም ከፒያሳም ከስታዲየም አካባቢም፣ የሚጠይቁትም ብዙ ጊዜ ሴቶች ናቸው። «ደንበኛው ካልጠየቀ አትቁረጪ» ነው ትእዛዙ፣ ወይ ሁለት ዋጋ ይነገራል፣ በደረሰኝ ይሄን ያህል፣ ያለ ደረሰኝ ይሄን ያህል፣ ልዩነቱ 15 ፐርሰንቱ ቫት ነው።

ሉቃስ 3 ላይ ቀራጮቹ ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው ምን እናድርግ ይሉታል። ስራችሁን ልቀቁና ወደ በረሃ ኑ አላላቸውም፣ ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ ነው ያላቸው፣ ወታደሮቹንም በግፍ አትውሰዱ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ ነው ያለው። ማለት የቆሸሸ ስራ ውስጥ ያለ ሰው እዛው ቆሞ እጁን ማጽዳት ይችላል ማለት ነው፣ ሁሉም ሰው ሪዛይን ማድረግ አለበት ማለት አይደለም። አንቺ የሱቁ ባለቤት አይደለሽም፣ ግብሩን የሚሰውረው እሱ ነው፣ ኃላፊነቱም እኩል አይደለም፣ ይሄን ግልጽ አድርገን እንያዝ፣ ምክንያቱም ኑሮዋ በደመወዟ የተንጠለጠለ ልጅ ላይ ሙሉውን ኃጢአት ጭኖ መስበክ ቀላል ነው፣ ሰባኪው የቤት ኪራይ አይከፍልላትም።

ግን ምንም ማድረግ አልችልም ማለትም አይደለም። ደንበኛ ከጠየቀ ሁሌም ቁረጪ፣ አትከራከሪ፣ «ማሽኑ ተበላሽቷል» ብለሽ በአፍሽ አትዋሺ፣ መዋሸቱን ከፈለገ እሱ መጥቶ ይዋሽ። ለብቻው ባገኘሽው ጊዜ በጨዋ ቃል ንገሪው፣ «ጋሼ ይሄ ነገር ያስጨንቀኛል፣ ቢያዝ እኔም ነኝ የምጠየቀው» በይው፣ አንዳንዱ ይሰማል፣ ሁሉም ክፉ አይደለም፣ አንዳንዱ ካሸሯ እንደምትፈራ አስቦት ሁሉ አያውቅም። ካልሰማ ሌላ ስራ መፈለግ ጀምሪ፣ ዛሬ ልቀቂ አላልኩም፣ መፈለግ ጀምሪ። እስከዛ ድረስ ደግሞ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፣ ከዚህ በፊት ሺህ ጊዜ የሰሙት ነገር ነው፣ አይደነግጡም።

ሱቁ የራስህ የሆንከው ወንድሜ ደግሞ አትደበቅ፣ ጥያቄው ላንተም ነው። መድኃኔዓለም ዝክር ላይ በሬ ጥለህ ሰፈሩን አብልተህ ካሸርህን በየቀኑ የምታስዋሻት ከሆነ መጀመሪያ እሷን አሳርፋት።

ጉዳይ ለማስፈጸም «ለሻይ» ካልሰጠሁ ፋይሌ አይገኝም

ሁለት የተለያየ ነገር አለ እዚህ ጋር። አንዱ የራስህ የሆነ መብት ታግቶብህ ነው፣ ፋይሉ አለ፣ ክፍያውን ከፍለሃል፣ ሰውየው ግን ነገ ተመለስ እያለ ያመላልስሃል። ሌላው የማይገባህን ነገር ለማግኘት ወይ ወረፋ ላይ የቆሙትን እናቶች ለመቅደም ስትከፍል ነው። ሁለተኛው ላይ ምንም የሚያወያይ ነገር የለም፣ የሌላ ሰው ተራ ገዝተሃል። የመጀመሪያው ላይ የታገተው አንተ ነህ፣ ቢሆንም ኃላፊውን ጠይቅ፣ በጽሑፍ አመልክት፣ ሌላ ቀን ሂድ፣ ጊዜ ይፈጃል አውቃለሁ። ጉዳይ ገዳይ ቀጥሬ እሱ የሚያደርገውን አላውቅም ማለት ግን እጅ አያነጻም፣ ለምን እንደቀጠርከው አንተም እሱም ታውቃላችሁ።

ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ያለኸው ደግሞ ሉቃስ 19 ላይ ዘኬዎስን ተመልከት፣ በሐሰት የወሰደውን አራት እጥፍ ነው እመልሳለሁ ያለው። ይቅርታ ብቻ አላለም።

የቤት ሰራተኛ አለችን፣ በክርስቲያናዊ መንገድ እንዴት ነው የምንይዛት?

ይሄን ጥያቄ በደንብ ልመልስ። አንድ ሰው ክርስቲያን መሆኑን ማወቅ ከፈለግኩ የፕሮፋይል ፎቶውን አላይም፣ የቤት ሰራተኛውን ነው የምጠይቀው።

መጀመሪያ ደመወዝ። ዘዳግም 24 ላይ የድሃ ሰራተኛን ዋጋ ፀሐይ ሳይገባ ስጠው ይላል፣ ያዕቆብ 5 ላይ ደግሞ የተቀማ ደመወዝ ይጮሃል ይላል። እኛ ቤት የሚሆነው ግን «እኔ ጋ ይቀመጥልሽ፣ ስትሄጂ በአንዴ ትወስጂዋለሽ» ነው፣ ከዛ ሳህን ሰበርሽ ተብሎ ይቆረጣል፣ ከዛ ስትሄድ ይጨቃጨቃሉ። ልጅቷ ራሷ አስቀምጡልኝ ካለች እንኳን በስሟ ደብተር ይከፈትላት ወይ በቴሌብሯ ይግባላት፣ ስልክ ከሌላት ስልክ ይገዛላት፣ ያን ያህል ከባድ አይደለም።

ሁለተኛ ሰንበት። እሁድ ጠዋት እኛ ነጠላችንን አጣፍተን ቅዳሴ እንሄዳለን፣ እሷ ደግሞ ከቅዳሴ ስንመለስ የምንበላውን እየሰራች ነው። ዘዳግም 5 ላይ ስለ ሰንበት የተጻፈው ሰራተኛህና ሴት ሰራተኛህ እንደ አንተ ያርፉ ዘንድ ነው የሚለው፣ እንደ አንተ። ቢያንስ በፈረቃ አድርጉት፣ አንድ እሁድ ባልና ሚስት፣ አንድ እሁድ እሷና ልጆቹ፣ ወይ ቁርሱን ቅዳሜ ማታ አዘጋጅታችሁ ሁላችሁም ሂዱ፣ ፍርፍር ነው እኮ፣ ባልየውም ማሞቅ ይችላል። እምነቷ ሌላ ከሆነ ወደ ራሷ ቸርች ወይ መስጂድ የምትሄድበት ሰዓት ይኑራት፣ በእናንተ ቤት ስለኖረች የእናንተን ትጸልይ የሚል ሕግ የለም።

ሦስተኛ ምግብ። ለብቻ የሚቆረስ እንጀራ፣ የተረፈ ወጥ፣ ማእድ ቤት ቆሞ መብላት... ይሄን ብዙ አልልም፣ የምታደርጉት ታውቃላችሁ፣ ዛሬ ማታ ማቆም ይቻላል።

አራተኛ የማታ ትምህርት። ብዙዎቹ ከገጠር የሚመጡት እማራለሁ ብለው ነው፣ ቤተሰብም «እናስተምራታለን» ብሎ ቃል ገብቶ ነው የሚያመጣት፣ መስከረም ሲመጣ ግን «ማታ ማን ልጆቹን ይይዛል» ይባላል። ቃል ከገባችሁ ፈጽሙ፣ ማቴዎስ 5 ላይ ቃላችሁ አዎን አዎን አይደለም አይደለም ይሁን የተባለው ለመሐላ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ ለዚህም ነው።

ከአራት ኪሎ ፒያሳ ስሄድ የሚለምነኝ ሰው ብዛት፣ ለማን ልስጥ? አንዳንዱ እኮ ቢዝነስ ነው ይላሉ

ቢዝነስ የሆነበት ሰው ይኖራል፣ አለ። ግን አስተውሉ፣ «ቢዝነስ ነው» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ለእውነተኛውም አይሰጥም። ጥሩው መንገድ በወር ከሚደርሳችሁ ላይ ለምጽዋት የሚሆነውን ቀድሞ መለየትና ዝርዝር ብር አድርጎ ኪስ መያዝ ነው፣ ከዛ በየመንገዱ ልስጥ አልስጥ ብሎ መጨነቅ የለም፣ ካለ ይሰጣል፣ ሲያልቅ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብሎ ማለፍ ነው፣ እሱም ፊት እያዩ፣ ስልክ እያዩ አይደለም። ትልቁን ደግሞ ለምታውቁት ሰው አድርጉት፣ ሰፈር ውስጥ መድኃኒት መግዣ ያጡ እማማ አይጠፉም፣ እሳቸው በር ላይ አይለምኑም፣ ያፍራሉ። እና እባካችሁ ስትሰጡ ቪዲዮ አትቅረጹ። ግራ እጅህ ቀኝህ የምትሰራውን አትወቅ ተብሎ ሳለ ቲክቶክ ካወቀው ምን ቀረ።

አስራት ከጠቅላላው ደመወዝ ነው ወይስ እጄ ላይ ከሚደርሰው?

ግብርና ጡረታ ተቆርጦ እጅህ ላይ ከሚደርሰው የሚሰጡ አሉ፣ ከጠቅላላው የሚሰጡ አሉ። ምንም የማይሰጥ ሰው ነው ብዙ ጊዜ ይሄን የሚጠይቀው። ከሚደርስህ ጀምር፣ ደረሰኝም ተቀበል፣ ቤተክርስቲያንም ብትሆን ደረሰኝ ትቆርጣለች።

ቢሮዬ ውስጥ ፕሮቴስታንትም ሙስሊምም አሉ፣ ስለ እምነት ክርክር ሲነሳ ዝም ልበል?

መርካቶ ሄዳችሁ ራጉኤልንና አንዋር መስጂድን እዩ፣ ጎን ለጎን ናቸው፣ ከበሮውም አዛኑም አንድ ሰፈር ላይ ይሰማል፣ ነጋዴው ጠዋት እቃ ሲያወርድ ይረዳዳል፣ ሲያዝን ይለቃቀሳል። እዛ አካባቢ ያደገ ሰው ይሄ ጥያቄ ራሱ ትንሽ ይገርመዋል። ምሳ ስትበሉ የሥጋው ነገር የተለየ መሆኑ ይታወቃል፣ ስለዚህ ለቢሮ ፕሮግራም የሚበላው ሲታዘዝ ሁሉም የሚበላው ይኑር፣ ሽሮ ማንንም አስቀይሞ አያውቅም። ረመዳን ላይ ጓደኛህ እየጾመ ፊቱ ማኪያቶ አትጠጣ፣ እሱም በሁዳዴ ያንተን ያከብራል።

ከጴንጤ ጓደኛህ ጋር ደግሞ ስለ ማርያም፣ ስለ አማላጅነት ክርክር ሲነሳ፣ ከጠየቀህ የምታውቀውን በትህትና መልስ፣ የማታውቀውን ጠይቄ እነግርሃለሁ በል፣ ሊያናድድህ ከሆነ ሳቅና ወደ ስራህ ተመለስ። ኦንላይን ላይ እየተሰዳደቡ «ለእምነቴ ስል ነው» የሚሉትን አትከተል፣ ለእምነት ሲባል የሰው እናት አትሰደብም።

ሰፈራችን ፈርሶ ተበታተንን፣ የጽዋ ማኅበራችንን እንዴት እናድርገው?

2016 ላይ ፒያሳ፣ 2017 ላይ ካዛንቺስ ሲነሳ ሰው ያጣው ቤት ብቻ አይደለም። ሰላሳ አርባ ዓመት በየወሩ በ12 ሚካኤልን፣ በ21 ማርያምን፣ በ23 ጊዮርጊስን እያዞረ ሲጠጣ የነበረ ማኅበር አንዱ አባል ምስራቅ ጫፍ፣ አንዱ ደቡብ ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደረሰው፣ እድሩም እንደዛው። ለቅሶ ሲሆን ድንኳን ማን ይትከል? ለክርስትናችን ይሄ ትልቁ ፈተና ነው ብዬ አምናለሁ፣ ከጾሙም ከዓሳውም በላይ፣ ምክንያቱም ብቻህን ስትሆን የሚቆጣህም የሚያነሳህም የለም።

ያልፈረሱት ማኅበራት ያደረጉትን ልንገራችሁ። በየቤቱ ማዞሩን ትተው ወደ ድሮው ደብራቸው መጥተው እዛው ሰንበቴ ቤት ወይ አዳራሽ አስፈቅደው ነው የሚጠጡት፣ ከወሩ ቀን ወደ ቀጣዩ እሁድ ያዞሩትም አሉ፣ ስራ ላለው ሰው ያ ይሻላል። ዳቦና ጠላውን ባለተራው ይዞ ለመምጣት ትራንስፖርቱ ስለሚከብደው እዚሁ አካባቢ አስጋግረው ወጪውን ይካፈላሉ። መዋጮ በቴሌብር፣ ጥሪው በቴሌግራም ግሩፕ። ስማርት ስልክ የሌላቸው እትዬዎች ግን ግሩፕ ውስጥ የሉም፣ ስለዚህ ለእያንዳንዳቸው የሚደውልላቸው አንድ ልጅ ይመደብ፣ ይሄ ካልተደረገ ከአራት ወር በኋላ የሉም፣ ማንም ሳያባርራቸው ይቀራሉ። መምጣት ያልቻሉትን ደግሞ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ከዝክሩ ይዛችሁ ሂዱባቸው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃል፣ ሁለት ታክሲ ነው።

አዲሱ ሰፈር ያለውንም ቤተክርስቲያን ልመዱ፣ ከድሮው ደብር መክዳት አይደለም። ልጆቻችሁ ሰንበት ትምህርት ቤት የሚማሩት እዛ ነው።

ከወንድሜ ጋር በውርስ ተጣልተን አንነጋገርም፣ መቁረብ ግን እፈልጋለሁ

ከመቁረብህ በፊት 18 ሰዓት ትጾማለህ፣ ያን ሁሉም ያውቃል። ማቴዎስ 5 ላይ ደግሞ መባህን እዛው ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ይላል፣ ይሄንንም ሁሉም ያውቃል፣ ግን 18 ሰዓቱ ነው የሚቀለን። ቤቱን ልቀቅለት አላልኩም፣ ፍርድ ቤት ያለ ጉዳይ በፍርድ ቤት ይጨረስ፣ ሽማግሌም ይግባ። አንተ ግን ስልክ ደውለህ «ጉዳዩ ይቀጥላል፣ ሰላምታችን ግን አይቋረጥ» በለው። ላያነሳ ይችላል፣ ቴክስት አድርግለት። የቀረውን ንስሐ አባትህ ያያሉ።

የንስሐ አባት የለኝም፣ እንዴት ነው የሚገኘው?

ቲክቶክ ላይ ሰብከው ደስ ያሉህን ካህን አታሳድድ፣ በእውነት እሳቸው ሺህ ሰው ይጽፍላቸዋል። በምታስቀድስበት ደብር፣ እስጢፋኖስም ሥላሴም ባዕታም ዑራኤልም ይሁን፣ ከቅዳሴ በኋላ ቅጥሩ ውስጥ ቆይና የሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ጠይቅ፣ ወይ ቤተሰብህ የሚያውቃቸው ካህን ካሉ በእነሱ በኩል ሂድ። የመጀመሪያው ቀን ሁሉንም መናገር ላይጠበቅብህ ይችላል፣ ስምህን፣ ስራህን፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተናዘዝክበትን ጊዜ ብትነግራቸው ይበቃል፣ ከዛ እሳቸው ይጠይቁሃል። ስልክ ካላነሱ አትቀየም፣ ጠዋት አገልግሎት ላይ ናቸው፣ ከሰዓት ደግሞ ፍትሃት ይኖራቸዋል፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በአካል ብታገኛቸው ነው የሚሻለው፣ ወረፋ ስላለ ግን ቀደም በል።